ገል እንዴት ይነበባል? ከተሰበረ ሸክላ የጥንት መንደር ኑሮን ማውጣት

አምና የእናቴ የሽሮ ድስት ከምድጃ ሲወርድ አመለጠና ተሰበረ። ጠርጋ ልትጥለው ስትል "ተይው፣ እኔ እፈልገዋለሁ" አልኳት። ግራ ገባት። ስብርባሪውን ለቅሜ ስቆጥረው፣ ደቃቁን ሳይጨምር 19 ገል ሆነ። ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥንት ሸክላ ያነበብኩትን ሁሉ የምሞክረው በዚያ ድስት ላይ ነው።

ሸክላ በሚሠራበት ዘመን ሰው የኖረበት መንደር ሲቆፈር፣ ብዙ ጊዜ በብዛት የሚወጣው ገል ነው። ሸክላ ቶሎ ይሰበራል። አንዴ በእሳት ካለፈ በኋላ ግን አይበሰብስም፣ አይዝግም፣ ቀልጦ ሌላ ዕቃ አይሆንም። ቅሉ፣ ሰፌዱና ቆዳው አፈር ሲሆኑ ገሉ እዚያው ይቆያል። ሙሉ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከመቃብር ነው፤ ለሟች ተብሎ ተመርጦ የተቀመጠ ነው። ገል ግን የጓዳ ነው። ውሃ የተቀዳበት፣ እህል የተቀቀለበት፣ ልጅ የገፋው፣ እናት ያዘነችበት ነው። ጽሕፈት ባልነበረበት ዘመን ስለ ኖሩ ሰዎች ዕለታዊ ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሙዚየም ውስጥ ከቆመው ያማረ ጋን ይልቅ ስባሪውን ቢያይ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ገል የሚነበበው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቤታችሁ በተሰበረ ጀበና ወይም ድስት ተለማመዱ። የሚያስፈልጋችሁ ማስመሪያ፣ ወረቀት፣ ኮምፓስ፣ የኩሽና ሚዛን፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ፒንሳ፣ ቢቻል 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ነው።

1. ሜዳ ላይ ያገኛችሁትን አታንሱ

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የአንድን ገል ግማሽ ታሪክ የሚናገረው የወደቀበት ቦታ ነው። ምድጃ አጠገብ ነው? ከቤቱ ጀርባ ቆሻሻ መድፊያው ላይ ነው? ከየትኛው የአፈር ንብርብር ነው? አንስታችሁ ኪሳችሁ ከከተታችሁት ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ በኋላ የትኛውም ላቦራቶሪ አይመልሰውም።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ እርሻ ላይ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር ያረጀ ገል ብታዩ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አስቀምጡና ፎቶ አንሱ። ቦታውን ጻፉ፤ ስልካችሁ ላይ ያለውን የካርታ ነጥብ ያዙ። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በፈቃድ ለሚቆፍሩ ቡድኖች፣ ለተማሪዎችና በራሳቸው ቤት ስባሪ ለሚለማመዱ ነው።

2. ከማጠብ በፊት ለዩ

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ገሉን ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ይህ ስህተት ነው። ውስጡ ላይ ያረረ ምግብ የሚመስል ጥቁር ቅርፊት ያለበትን ለይታችሁ አስቀምጡ። አይታጠብም፤ በባዶ እጅም አይነካካም። በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉት። ፌስታል ውስጥ በቀጥታ አትክተቱት፤ ከላስቲኩ የሚወጣው ኬሚካል ኋላ ላቦራቶሪ የሚፈልገውን ስብ ይበክላል። ቅርፊት ከሌላቸውም ቢሆን ጥቂቶቹን ሳታጥቡ አስቀሩ።

የቀረውን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ። ሳሙና አይገባም። ቀለም ያለበትን አትፈትጉ። ጥላ ላይ አድርቁት።

3. በአካል ክፍሉ ደርድሩ፣ ከዚያ ቁጠሩም መዝኑም

ሸክላ እንደ ሰው አፍ፣ ከንፈር፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ሆድ፣ ቂጥ አለው። ጀበና ደግሞ ጡት አለው። ገሉን በዚህ ለዩ። የሆድ ገል ብዙ ነው፤ ብዙም አይናገርም። አፍና ቂጥ ግን የዕቃውን ቅርጽ ይነግሯችኋል።

ቁጥር ብቻውን ያታልላል። የእናቴ ድስት አንድ ነው፤ ገሉ ግን 19 ነው። አንድ ጋን ቢሰበር ከዚያ በጣም ይበልጣል። መንገድ ላይ ወድቆ ሰውና ከብት ሲረግጠው የከረመ ደግሞ ይደቅቃል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች እየቆጠሩም እየመዘኑም የሚሄዱት። ገሉ ብዙ ሆኖ ክብደቱ ትንሽ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ሰው ይመላለስ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ትልልቅ ገል አንድ ላይ ተከምሮ ከተገኘ ደግሞ ተሰብስቦ የተጣለበት ጥግ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። የተጠረገ ደጃፍና ያልተጠረገ ጥግ የሚለየው በዚህ ነው።

4. ትኩስ ስብራቱን እዩ

የገሉን አንድ ጥግ በፒንሳ ትንሽ ቁረጡ። የቁፋሮ ገል ከሆነ የቡድኑን ኃላፊ ሳታስፈቅዱ አትንኩት። አሁን ያልቆሸሸ ስብራት አገኛችሁ። በሌንስ ተመልከቱት።

መጀመሪያ ቀለሙን። የእናቴ ድስት ስብራት በውጭ በኩል እንደ ጥፍር የሳሳ ቀይ፣ መሐሉ ጥቁር ነው። እንዲህ የሚሆነው ጭቃው ውስጥ ያለው የዕፅዋት ቅሪት ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ሳያልቅ እሳቱ ሲበርድ ነው። በብዙ መንደር ሸክላ የሚቃጠለው ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በሣር ነው። ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ግን ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ገሉ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ከሆነ ግን እሳቱ ረዘም ብሏል፣ አየርም እንደ ልብ አግኝቷል። የጭቃው ዓይነት ራሱ ቀለሙን ስለሚለውጥ ግን በአንድ ገል አትፍረዱ። ብዙ ገል ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ቀጥሎ ከጭቃው ጋር የተደባለቀውን እዩ። ሸክላ ሠሪ ብዙ ጊዜ ጭቃን ብቻውን አታቃጥልም፤ ይሰነጠቅባታል። አሸዋ ትጨምራለች፣ ወይም ገለባ፣ ወይም የአሮጌ ዕቃ ገል ፈጭታ ትቀላቅላለች። አሸዋው ነጭ ሆኖ ያበራል። የተፈጨው ገል ጥግ ጥግ ያለው፣ ቀለሙ ለየት ያለ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ገለባው ግን እሳት ውስጥ ይጠፋና ቅርጹን ባዶ ቀዳዳ አድርጎ ይተዋል።

ይህ ባዶ ቀዳዳ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሚነግር የሚያሳይ ከድንበራችን ማዶ የመጣ ምሳሌ አለ። በምሥራቅ ሱዳን ከሰላ አካባቢ ኬጂ 23 የሚባል የጥንት መንደር አለ። ገሉ የተቆፈረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ያንኑ ገል አንስተው በውስጡ የቀረውን የገለባ ቅርጽ ሲመረምሩ ማሽላ አገኙ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን አወጡ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4ኛው ሺህ ዓመት ነው። የዱር ማሽላ ሲበስል ፍሬው በራሱ ይረግፋል፤ የእርሻ ማሽላ ግን ሰው እስኪወቃው ይጠብቃል። የተገነጠለበት ጠባሳም ይለያያል። ገሉ ላይ ከዱሩ ማሽላ ጠባሳ ጋር የእርሻውም ጠባሳ ታየ። ማለትም ያ ሸክላ ሠሪ ከአውድማ ያነሳው እፍኝ ገለባ፣ ማሽላ ከ5,000 ዓመት በፊት በዚያ አካባቢ እየለመደ እንደነበር መሰከረ። እህሉ ራሱ በስብሶ ጠፍቷል። ጭቃው ግን ይዞታል።

ስብራቱ የሄደበትን መስመርም ልብ በሉ። አግድም ቀጥ ብሎ ከተሰበረ ዕቃው ጭቃን እንደ ገመድ እየጠቀለሉ በመደራረብ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረው በመጋጠሚያው ላይ ነው።

5. የአፉን ስፋት ለኩ

ይህኛው ደስ የሚል ሥራ ነው። ትልቅ ወረቀት ላይ በኮምፓስ ክብ በክብ ውስጥ ሥሩ፤ የእያንዳንዱ ልዩነት 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ክቡን እንደ ዳቦ በመሐል መስመሮች ከፋፍሉ፤ እያንዳንዱ ክፋይ 5 በመቶ እንዲሆን 20 ቦታ ይቆረጣል።

አሁን የአፉን ገል ገልብጣችሁ፣ ከንፈሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ወረቀቱ ላይ አቁሙት። ከንፈሩ ከወረቀቱ ጋር እስኪገጥም፣ በሥሩ ብርሃን እስከማያልፍ አዘንብሉት። የዕቃው ትክክለኛ አቋም ያ ነው። ከዚያ ከትንሹ ክብ ወደ ትልቁ እየገፋችሁ የገሉ ኩርባ የቱ ላይ እንደሚያርፍ ፈልጉ።

የእናቴ ድስት 11ኛው ክብ ላይ አረፈ። የአፉ ስፋት 22 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። አምስት የአፍ ገሎች ነበሩት፤ 31፣ 21፣ 18፣ 18 እና 9 በመቶ ሸፈኑ። ድምሩ 97 ነው። የጎደለው 3 በመቶ መጥረጊያ የወሰደው ድቃቂ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ የአፍ ገሎችን በመቶኛ እየደመራችሁ ስንት ሙሉ ዕቃ እንደነበር የምትገምቱት እንዲህ ነው።

ስፋቱ ስለ ኑሮው ይናገራል። ሰፊ አፍ የሚማሰል፣ የሚጨለፍ ነገር ይፈልጋል። ጠባብ ረጅም አንገት ውሃ ለመሸከምና ለማንቆርቆር ነው፤ እንስራን አስቡ። አንድ ሰፈር ውስጥ አብዛኛው ድስት ትንሽ ሆኖ በአንድ ጥግ ብቻ የግዙፍ ዕቃ ገል ከበዛ፣ እዚያ ድግስ ይደገስ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ዘመንም ጋን ቤት ውስጥ የሚገባው ሰው ሲጠራ ነው።

6. ጥቀርሻው የት ነው? ውስጡስ ምን ሆኗል?

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጣድ ድስት ጥቀርሻው የሚበዛው ጎኑ ላይ ነው። ቂጡ በቀጥታ እሳት ስለሚልሰው ጥቀርሻው ተቃጥሎ ይለቅና ቀላ ይላል። ቂጡም ጭምር የጠቆረ ከሆነ ከእሳቱ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ጥቀርሻ የሚባል ነገር የሌለበት ዕቃ የውሃ፣ የእህል ወይም የመጠጥ ሊሆን ይችላል።

በደቡብ ቻይና ሺያንረንዶንግ ከሚባል ዋሻ የወጣ ገል 20,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ውጩ ላይ የእሳት ምልክት ይታያል። ያን ያበሰሉት ሰዎች እርሻ አያውቁም፤ አዳኞችና ለቃሚዎች ነበሩ። ድሮ "ሸክላ የመጣው ከእርሻ ጋር ነው" ይባል ነበር። እንዲህ ያለ ገል ሐሳቡን ገለበጠው።

ወደ ውስጡ ስትመጡ፣ የታጠበ ገል ከሆነ፣ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሻሹበት። ልስልስ ነው ወይስ ተበልቶ ጎድጓድ ጎድጓድ ብሏል? ለዚህ ደግሞ ከጋሞ የተሻለ መምህር አላውቅም። ጆን አርተር የሚባል አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት በጋሞ ደጋ መንደሮች ውስጥ ሰው ዛሬ የሚገለገልባቸውን ሸክላዎች ቤት ለቤት እየዞረ አጠና። የእህል መጠጥ የሚጠመቅባቸው ዕቃዎች ውስጣቸው በእርሾው አሲድ ተበልቶ አገኘ። እንዲህ ያሉት ዕቃዎች በብዛት የነበሩት በባለጸጎቹ ቤት ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ መጠጥ ለመጥመቅ ከሚበላው የተረፈ ብዙ እህል ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ የጥንት መንደር ውስጥ ውስጡ የተበላ ገል በአንድ ቤት ተከማችቶ ቢገኝ፣ የማን ቤት ሞልቶ ይፈስ እንደነበር ፍንጭ ይሰጣል። ጠላ ጋን ያለው ሰው የራሱን ጋን ውስጡን በእጁ ይዳስስና ይሞክረው።

ዓይን የማያየውን ላቦራቶሪ ያያል። ያልተለበጠ ሸክላ ቀዳዳማ ነው፤ የሚበስልበትን ስብ ይመጥጣል፣ ለሺህ ዓመታትም ይዞ ይቆያል። ተመራማሪዎች ገሉን ጥቂት ፈጭተው ስቡን ያወጣሉ። በስቡ ውስጥ ያለውን የካርቦን ዓይነት ለክተው የወተትን ስብ ከሥጋ ስብ ይለያሉ። በሊቢያ ታካርኮሪ ከሚባል የድንጋይ ጥላ ሥር በወጣ ገል ላይ እንዲህ ተደርጎ፣ ዛሬ ምድረ በዳ በሆነው ሰሃራ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ከብት እያለቡ ወተቱን ሸክላ ውስጥ ያበስሉ እንደነበር ታወቀ። ፖላንድ ውስጥ ደግሞ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ገል ለዓመታት ሲያከራክር ቆየ። ስቡ ሲመረመር የወተት ሆነ። አይብ ማጥለያ ነበር።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ልጨምር። እኛ ዕቃ እናሟሻለን። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ካልተሟሸ እንጀራ ይይዛል። ጥንትም ቀዳዳውን ለመድፈን ስብ ወይም ወተት ይቀባ እንደነበር መገመት ከባድ አይደለም። ስለዚህ ገሉ ውስጥ ስብ መገኘቱ ብቻውን "ይህ ይበላ ነበር" አያሰኝም። ከጥቀርሻው፣ ከቅርጹና አብሮት ከተገኘው አጥንት ጋር ይታይ።

7. እጅ የተወው ምልክት

ገሉን ከጎን በሚመጣ ብርሃን እዩት። መስኮት አጠገብ አጋድማችሁ ያዙት። ያኔ ጭረቱ፣ ጭቃው ላይ የታተመው የገመድ ምልክት፣ የጣቱ አሻራ ብቅ ይላል።

በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርኬል የሚባል አርኪዮሎጂስት ካርቱም ውስጥ ሲቆፍር እንደ ሞገድ የሚወዛወዝ መስመር ያለባቸው ብዙ ገሎች አገኘ። ያ መስመር በምን ተሠራ? በዓሣ፣ በአምባዛ ክንፍ እሾህ ጭቃውን በመቧጨር ነው ብሎ አሳየ። ሰዎቹ ገና አላረሱም፤ በዓባይ ዳር እያጠመዱና እያደኑ ይኖሩ ነበር። ከእራታቸው የተረፈውን እሾህ ማስጌጫ አደረጉት።

የጣት አሻራም እንዲሁ ነው። የመስመሮቹ ስፋት በልጅ፣ በሴትና በወንድ ይለያያል። በአሜሪካ ቻኮ ካንየን አካባቢ የ1,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ገሎች አሻራ ሲለካ፣ ሥራው የሴቶች ብቻ ነው ከተባለበት ቦታ የወንዶችም እጅ ተገኘ። እኔም ከላይ "ሸክላ ሠሪ ታደርጋለች" ያልኩት በአገራችን በአብዛኛው ሴቶች ስለሚሠሩት ነው። ለጥንቱ ግን ገሉን ጠይቁ።

8. ከተሰበረ በኋላስ?

ዕቃ ሲሰበር ሥራው አያልቅም። ስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ካያችሁ ተሰፍቶ ነበር ማለት ነው፤ በጅማት ወይም በገመድ አስረው ተጠቅመውበታል። ውሃ አይይዝም፣ እህል ግን ይይዛል። ዳሩ ተሞርዶ ክብ የሆነና መሐሉ የተበሳ ገል ከሆነ እንዝርት ላይ ገብቶ ጥጥ ወይም ሱፍ የተፈተለበት ሊሆን ይችላል። ክብሪት ሳይገባ በፊት እሳት ከጎረቤት የሚመጣው በገል ነበር።

ይህን በደንብ ያስተማረኝ እናቴ ናት። አንድ ቀን ካርቶኑን ስከፍት አንድ ትልቅ የሆድ ገል የለም። ፈልጌ ያገኘሁት ረከቦቱ አጠገብ ነው፤ ፍም አድርጋበት እጣን ታጨስበታለች። ወስጄ አየሁት። ውስጡ ጠቁሯል። ስብራቱም ጥቀርሻ ለብሷል። ድስት ሆኖ ሳለ ስብራቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ስብራት ላይ ያለ ጥቀርሻ ሁልጊዜ ከመሰበር በኋላ የመጣ ነው። ይህን ሳያዩ "ውስጡ ያረረ ምግብ ነው" ብሎ መጻፍ በጣም ቀላል ነው። ገሉን መለስኩላት።

9. ካርድ ጻፉ፤ ከማስረጃችሁ አትለፉ

ለእያንዳንዱ ጠቃሚ ገል አንድ ካርድ ይኑረው። ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለይታችሁ በሁለት ክፍል ጻፉ። የሸክላ ጌጥ ስለተለወጠ ብቻ "አዲስ ሕዝብ መጣ" አትበሉ። ዘይቤ በጋብቻ ይመጣል፣ በገበያ ይመጣል፣ አንዲት ጎበዝ ሠሪም ታመጣዋለች። ዕድሜውንም በዓይን አትገምቱ። ዘመኑ የሚለካው አብሮት ከተገኘው ከሰል ወይም በላቦራቶሪ ከራሱ ከገሉ ነው።

የእኔ አንዱ ካርድ እንዲህ ይላል፦

"ገል ቁጥር 4። የአፍ ክፍል። ስፋት 22 ሴንቲ ሜትር፣ 31 በመቶ። ስብራቱ በውጭ ቀይ፣ መሐሉ ጥቁር። ውስጡ ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ቡናማ መስመር አለ። ከንፈሩ በአንድ በኩል ብቻ ተፍቋል።

ግምት፦ ሜዳ ላይ የተቃጠለ። ወጡ ሁልጊዜ እስከ መስመሩ ድረስ ይሞላ ነበር። ማማሰያው ሲወጣ የሚመታው በአንድ በኩል ነው፤ የምታማስለው ሰው ሁልጊዜ ድስቱን በአንድ አቅጣጫ ትጥደው ነበር።"